ራሱን ሊያጠፋ ለተቃረበ ሰው ፖሊስ የመድረስ ግዴታ አለበት? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሁን አደጋ ላይ ያለ ሰው አጠገብዎ ካለ፣ ወይም አደጋ ላይ ያሉት እርስዎ ከሆኑ፣ ንባቡን ይተዉትና ወደ ድንገተኛ አደጋ መሥመር ይደውሉ፤ የሚያምኑትንም ሰው ይጥሩ። (ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራሱን ለማጥፋት የተነሣን ሰው ማዳን ለፖሊስ ሕጋዊ ግዴታ ነው?

እንደ ሁኔታው ነው፤ ግዴታው ግን ብዙ ሰው ከሚገምተው የጠበበ ነው። በአብዛኞቹ አገሮች ሕጉ ለፖሊስ ጣልቃ የመግባት ሥልጣን ይሰጠዋል። ሰውየውን መያዝ፣ በር መስበር፣ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ይችላል። ይህን ሳያደርግ ቢቀርና ሰው ቢሞት ቤተሰብ ከስሶ ካሣ ያገኛል ወይ ሲባል ግን መልሱ ብዙ ጊዜ «አያገኝም» ነው።

ግዴታ የሚመጣው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ሰውየው በፖሊስ እጅ ሲሆን ነው። ሁለተኛው ፖሊስ «እኛ እንሄዳለን» ብሎ ሌላው ሰው በዚያ ተማምኖ ሲቀመጥ ነው። ሦስተኛው፣ በተለይ በአውሮፓ፣ በአንድ ተለይቶ በታወቀ ሰው ሕይወት ላይ እውነተኛና ቅርብ አደጋ እንዳለ መንግሥት እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ዝም ሲል ነው። ከእነዚህ ውጭ ፖሊስ ቢሄድ ጥሩ አደረገ ይባላል፤ ባይሄድ ግን በፍትሐ ብሔር መጠየቁ አጠራጣሪ ነው።

የሕዝብን ሕይወት ሊጠብቁ አይደል እንዴ የተቀጠሩት? «ሥልጣን አለው ግዴታ የለበትም» ማለት ምን ማለት ነው?

ንዴቱ ይገባኛል። ፍርድ ቤቶች የሚሉት ግን የፖሊስ ግዴታ ለሕዝቡ በጠቅላላ እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል አይደለም ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 በአባቱ ክፉኛ ስለተደበደበ ሕፃን በቀረበለት ጉዳይ፣ ሕገ መንግሥቱ መንግሥት ራሱ ሰውን እንዳይጎዳ ይከለክለዋል እንጂ ግለሰብን ከሌላ ግለሰብ እንዲያድን አያስገድደውም ሲል ወሰነ። በ2005 ደግሞ የፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ በእጇ የነበረች እናት እንኳ ፖሊስ ትእዛዙን እንዲያስፈጽምላት ሕገ መንግሥታዊ መብት የላትም አለ። በእነዚህ ጉዳዮች ጉዳት አድራሹ ሌላ ሰው ነበር። ጉዳት አድራሹና ተጎጂው አንድ ሰው ሲሆን ፍርድ ቤቶች ይበልጥ ያመነታሉ።

አንድ ነገር ግን አይደባለቅ። ካሣ አይከፈልም ማለት ማንም አይጠየቅም ማለት አይደለም። የውስጥ ዲሲፕሊን፣ የአቤቱታ ሰሚ አካል ምርመራና የአሟሟት ምርመራ የየራሳቸው መንገድ አላቸው። እንደ ፈረንሳይና ጀርመን ባሉ አገሮች ደግሞ አደጋ ላይ ያለን ሰው ራስን ለአደጋ ሳያጋልጡ መርዳት እየተቻለ ጥሎ መሄድ ለማንኛውም ሰው ወንጀል ነው፤ የኢትዮጵያም የወንጀል ሕግ ተመሳሳይ ድንጋጌ አለው። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ከዚህ ነፃ አይሆንም።

ራስን ለማጥፋት መሞከር ወንጀል ነው? ፖሊስ ብጠራ ያስሩብኛል?

በአብዛኛው ዓለም ወንጀል አይደለም። እንግሊዝና ዌልስ በ1961፣ አየርላንድ በ1993 ከወንጀልነት አውጥተውታል። ጋናና ማሌዥያ በ2023 ተከትለዋል። የህንድ የ2017 የአእምሮ ጤና ሕግ ሙከራ ያደረገ ሰው ከባድ ጭንቀት ላይ እንደነበረ ይገመታል ብሎ ክሱን በተግባር ዘጋው፤ በ2024 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ የድሮውን አንቀጽ ጨርሶ ተወው። በኬንያ በ2025 መጀመሪያ ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሙከራን የሚቀጣው አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሏል።

አሁንም የሚቀጡ አገሮች ስላሉ ያሉበትን አገር ሕግ ማወቅ ይገባል። ሕጉ ባለበትም ቢሆን ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን መደወሉ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ከክስ ጋር ኋላ መሟገት ይቻላል።

ስደውል ምን ብል ይሻላል?

ስልኩን የሚያነሣው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ መመዘን ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ አደጋው ምን ያህል ቅርብ ነው? ሰውየው የት ነው? «ወንድሜ ሰሞኑን ደህና አይደለም፣ ፈራሁለት» የሚል ጥሪ ወደ ወረፋው ጫፍ ይሄዳል። «ወንድሜ ከሃያ ደቂቃ በፊት የስንብት መልእክት ላከልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሣም፤ አምና ሞክሮ ነበር፤ አሁን ሦስተኛ ፎቅ በስተግራ ባለው ቤት ውስጥ ነው፣ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል» የሚለው ግን ሌላ ጥሪ ነው። ፍርሃትዎ አንድ ነው፤ ሁለተኛው ግን ለተቀባዩ የሚጨበጥ ነገር ይሰጠዋል። ያዩትን፣ የሰሙትን፣ ሰዓቱን ይናገሩ። መሣሪያ ወይም ስለት ካለ አይደብቁ፤ በሌላ ሰው ላይ ዝቶ የማያውቅ ከሆነም ይህንኑ ጨምረው ይንገሩ። የሚመጡት ፖሊሶች በምን መንፈስ እንደሚገቡ የሚወሰነው በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ነው።

ከመዝጋትዎ በፊት «ሰው ልካችኋል? መቼ ይደርሳሉ? እኔ ልሂድ ወይስ ልጠብቃቸው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ከሰዓቱ ጋር በወረቀት ይያዙት። ለምን እንደሚጠቅም ወረድ ብሎ ይመጣል።

ቤቱ ውስጥ ቆልፎ ከተቀመጠ በሩን ሰብረው መግባት ይችላሉ?

ሕይወት ለማዳን ከሆነ በብዙ አገር ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይገባሉ። በእንግሊዝ የ1984ቱ የፖሊስ ሥነ ሥርዓት ሕግ «ሕይወትን ወይም አካልን ለማዳን» መግባትን በግልጽ ይፈቅዳል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2006 የድንገተኛ እርዳታ መግቢያን አጽድቋል። ነገር ግን ይኸው ፍርድ ቤት በ2021 ገደቡን አሳይቷል። ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ «ግደይኝና ገላግይኝ» ያለ አንድ ባል ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ከሄደ በኋላ፣ ፖሊሶች ቤቱ ገብተው ሽጉጦቹን ወሰዱ። ፍርድ ቤቱ «ለሰውየው አስበን ነው» ማለት ብቻውን ቤት ለመግባት ፈቃድ አይሆንም አለ። አደጋው በዚያች ሰዓት እዚያው ቤት ውስጥ መኖር አለበት።

ይዘው የት ይወስዱታል? እስከ መቼስ ያቆዩታል?

መድረሻው የጤና ተቋም መሆን አለበት። በእንግሊዝና ዌልስ የ1983ቱ የአእምሮ ጤና ሕግ አንቀጽ 136፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት የሚመስልና አፋጣኝ እርዳታ የሚያስፈልገውን ሰው፣ ከመኖሪያ ቤት ውጭ ከተገኘ፣ ፖሊስ ወደ «ደኅና ስፍራ» እንዲወስደው ይፈቅዳል። ጊዜው 24 ሰዓት ነው፤ ሐኪም ከወሰነ 12 ሰዓት ይጨመራል። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ በዚህ አንቀጽ በፖሊስ ጣቢያ ማቆየት ተከልክሏል። በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ ጣሪያው 72 ሰዓት ነው። ይህ መያዝ ከወንጀል እስር የተለየ ነው፤ በካቴና ተይዞ ለሚወጣ ሰው ግን ልዩነቱ ያን ያህል እንደማይታየው አልክድም።

ፖሊሶቹ መጡ፣ እሱ «ደህና ነኝ» አላቸው፣ ትተውት ሄዱ። ይህ ጥፋት አይደለም?

እዚህ ላይ የአውስትራሊያው ጉዳይ ሳይነሣ አይታለፍም። በነሐሴ 1999 በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ሁለት ፖሊሶች በማለዳ በባሕር ዳርቻ የመኪና ማቆሚያ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አገኙ። መኪናው ላይ ያዩት ነገር ሐሳቡን በግልጽ የሚናገር ነበር። አነጋገሩት። የማይረባ ነገር ሊያደርግ አስቦ እንደነበር፣ አሁን ግን ሐሳቡን እንደቀየረ፣ ቤቱ ሄዶ ከሚስቱ ጋር እንደሚነጋገር ነገራቸው። ሰው እንጥራልህ ወይ ቢሉት አልፈለገም። ረጋ ያለ፣ ምክንያታዊ ሰው ሆኖ ታያቸው። ያዘጋጀውንም በገዛ እጁ ነቀለ። ለቀቁት፤ በዚያው ቀን ሞተ።

ሚስቱ ከሰሰች። የክፍለ ግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ችሎት ፖሊሶቹ ለሟችም ለእርሷም የጥንቃቄ ግዴታ ነበረባቸው አለ። የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ግን በ2009 ሻረው። ዳኞቹ በተለያየ መንገድ ተጉዘው አንድ ቦታ ደረሱ። የቪክቶሪያ ሕግ ፖሊስ እንዲይዝ የሚፈቅድለት ሰውየው «የአእምሮ ሕመምተኛ የሚመስል» ሲሆን ነው፤ ፖሊሶቹ ደግሞ እንደዚያ አልመሰላቸውም፤ ስለዚህ ሊይዙት ሥልጣኑም አልነበራቸውም። ራሱን ሊያጠፋ ያሰበ ሁሉ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው የሚል ግምት በሕግ የለም። በዚያ ላይ የኮመን ሎው ሥርዓት (ከእንግሊዝ የመጣው፣ በዳኞች ውሳኔ የዳበረው ሕግ) ሰውን ከራሱ ውሳኔ እንዲያድን ሌላውን በአጠቃላይ አያስገድድም። አደጋውን የፈጠሩት ፖሊሶቹ አይደሉም፣ ሰውየውም በእጃቸው አልነበረም።

በሕግ ረገድ ውሳኔው ይገባኛል። ያም ሆኖ መያዝ አለመቻልና ምንም ማድረግ አለመቻል አንድ አይደሉም። ለሐኪም መደወል፣ ባልደረባ ጠርቶ አብሮት ማቆየት፣ የመኪና ቁልፉን በፈቃዱ እንዲሰጣቸው መለመን፣ «እስከ ቤትህ እንሸኝህ» ማለት ሥልጣን አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ሰው ድንገት ሲረጋጋም ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም፤ ቤተሰብም ፖሊስም ይህን ልብ ቢሉ ጥሩ ነው። ፖሊስ ሄዶብዎ ከሆነ ሰውየውን ብቻውን አይተዉት፤ ሁኔታው ከተለወጠ «አንዴ መጥተው አይተውታል» ሳይሉ እንደገና ይደውሉ።

በፖሊስ ጣቢያ ታስሮ ሳለ ቢሆንስ?

እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። የታሰረ ሰው ራሱ ሐኪም ዘንድ መሄድ አይችልም፤ ዘመዱም አጠገቡ የለም። ነፃነቱን የወሰደ ጥበቃውንም ይወስዳል። አሜሪካ እንኳ፣ በጠቅላላው ግዴታ የለም የምትለው፣ እጅ ላይ ያለን ሰው ለይታ ታያለች።

በለንደን በ1990 አንድ እስረኛ በጣቢያ ሕይወቱ አለፈ። ሐኪም አይቶት የአእምሮ መታወክ ምልክት የለበትም፣ ነገር ግን ራሱን ሊጎዳ ስለሚችል በቅርብ ይጠበቅ ብሎ ነበር። ፖሊስ በፍርድ ቤት «በገዛ ፈቃዱ ነው ያደረገው» ሲል ተከራከረ። በወቅቱ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ1999 ክርክሩን አልተቀበለውም፦ እንዲጠብቁት የታዘዙት ከዚያው ድርጊት ነው፤ ድርጊቱ ስለደረሰ ከግዴታው ነፃ አያደርጋቸውም። ካሣው ግን በግማሽ ተቀነሰ። ይህ ቅነሳ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው፤ እኔም አይዋጥልኝም።

በአውሮፓ ደግሞ የስትራስቡርጉ ፍርድ ቤት (የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት) በ1998 «የኦስማን መስፈርት» የሚባለውን አወጣ፦ ባለሥልጣናት በአንድ ተለይቶ በታወቀ ሰው ሕይወት ላይ እውነተኛና ቅርብ አደጋ መኖሩን ካወቁ፣ ወይም ማወቅ ከነበረባቸው፣ በሥልጣናቸው ልክ ምክንያታዊ እርምጃ መውሰድ አለባቸው። ሲወጣ ሌላ ሰው ለሚያደርሰው ጥቃት ነበር፤ በ2001 እስረኛ በራሱ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳትም ተዘረጋ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 በፈቃዷ ሆስፒታል ለተኛች ወጣትም ተጠቀመበት።

ዘመድዎ ከታሰረና ከዚህ በፊት ሞክሮ የሚያውቅ ከሆነ ለጣቢያው ኃላፊ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የተቀበለዎትን ሰው ስምና ሰዓቱንም ይያዙ። «አላወቅንም» የሚለው መከላከያ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ማንም በጽሑፍ ስላልነገራቸው ነው።

«እየሄድን ነው» ብለውኝ ሳይደርሱ ቢቀሩስ?

ቅድም ያልኩት ወረቀት እዚህ ይፈለጋል። በ2018 የእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ ላይ፣ እናት ስለ ልጇ ፈርታ ለፖሊስ ደወለች፤ ፖሊስ እንደሚሄድ ተረጋገጠላት፤ እርሷም በዚያ ተማምና ራሷ ሳትሄድ ቀረች። ልጅቷ ኋላ ሞታ ተገኘች። ፍርድ ቤቱ ፖሊስ የጥንቃቄ ግዴታ ነበረበት አለ፤ ምክንያቱም በገባው ቃል የእናትየውን እጅ ይዟል።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ግን የቀድሞ ፍቅረኛዋ ሊገድላት እንደሆነ ለፖሊስ ደውላ የነበረችና ወዲያው የተገደለች ሴት ቤተሰቦች በቸልተኝነት ክሳቸው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረትተዋል። የተነገራት መልእክቱ ለሚመለከተው ፖሊስ እንደሚተላለፍ እንጂ በዚህ ሰዓት እንደርሳለን የሚል ተስፋ አልነበረም። ጭካኔ ይመስላል፤ ነውም። «እናስተላልፋለን» እና «እንደርሳለን» በጭንቅ ላይ ላለ ሰው ጆሮ አንድ ናቸው፤ በሕግ ዓይን ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ፖሊስ «ይሄ የጤና ጉዳይ ነው» ብሎ አልሄድም ማለት ይችላል?

እየቻለ ነው። በሰሜን እንግሊዝ የሀምበርሳይድ ፖሊስ በ2020 የጀመረው አሠራር በ2023 በእንግሊዝ አገር አቀፍ ስምምነት ሆኗል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ለታመመ ሰው መሄድ ያለበት የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ነው፤ ፖሊስ የሚሄደው ወንጀል ሲኖር ወይም ሕይወት ላይ እውነተኛና ቅርብ አደጋ ወይም የከባድ ጉዳት ሥጋት ሲኖር ነው። ራሱን ሊያጠፋ የተቃረበ ሰው እዚህ ሁለተኛው ውስጥ ይገባል። «ሰሞኑን ከፍቶታል» የሚለው ጥሪ ግን ወደ ጤና ይመራል።

ሐሳቡን በመርህ እደግፋለሁ። ችግሩ ፖሊስ እጁን ሲሰበስብ የጤናው እጅ ተዘርግቶ ካልተገኘ ነው፤ አንዱ ወደ ሌላው ሲጠቁም ሰውየው መሐል ላይ ይቀራል። በአሜሪካ በ2022 ሥራ የጀመረው 988 የስልክ መሥመር ከፖሊስ ውጭ ያለ በር ነው፤ አብዛኛው ጥሪ ያለ ፖሊስ በስልክ ንግግር ይፈታል።

መጥተው ነገሩን ቢያባብሱትስ?

ሥጋቱ መሠረት አለው። በሜምፊስ ከተማ በ1987 ራሱን ሊጎዳ ቢላ የያዘ ወጣት ለእርዳታ በተጠሩ ፖሊሶች ተተኩሶበት ሞተ። ከተማዋ በማግሥቱ ዓመት ፖሊሶችን ለ40 ሰዓት በአእምሮ ጤና ቀውስ አያያዝ የምታሠለጥንበትን ፕሮግራም ጀመረች፤ ዛሬ ብዙ ከተሞች ተቀብለውታል። ሲደውሉ «በዚህ የሠለጠነ ፖሊስ አላችሁ? እርሱን ላኩልኝ» ማለት ይችላሉ።

በሕግ በኩል፣ ፖሊስ ባለማድረጉ ከሚጠየቅ ይልቅ ባደረገው መጠየቁ ይቀላል። ከመጠን ያለፈ ኃይል፣ የነበረን አደጋ ማባባስ፣ ሊረዳ የመጣን ሌላ ሰው ማባረር ያስከስሳሉ። እዚህ አንድ የማይመች እውነት አለ፦ እንዲህ ያለው ሕግ ለፖሊስ ሳይሄድ መቅረትን ሊያስመርጠው ይችላል።

አእምሮው ሙሉ ሆኖ፣ አስቦበት የወሰነ ሰው ከሆነስ? ፖሊስ ምን አገባው?

ከሁሉ ከባዱ ይኸኛው ነው። የስትራስቡርጉ ፍርድ ቤት በ2011 ከስዊዘርላንድ በቀረበለት ጉዳይ ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ለማሰር ሞክሯል። ውሳኔውን በነፃነት ማድረግ የሚችል ሰው ሕይወቱ እንዴትና መቼ እንደሚያበቃ የመወሰን መብት የግል ሕይወቱ አካል ነው አለ። ወዲያው ደግሞ ውሳኔው በነፃነትና ነገሩን በሙሉ በመረዳት ካልተደረገ መንግሥት የመከላከል ግዴታ አለበት አለ።

በወረቀት ላይ ያምራል። ለፖሊሱ ግን አምስት ደቂቃና የማያውቀው ሰው ነው ያለው፤ የሰውየውን አእምሮ በዚያች ቅጽበት መመዘን ሐኪምም አይሆንለት። ስለዚህ የሚያዋጣው መጀመሪያ አድኖ ጥያቄውን ለኋላ ማቆየት ነው። በአሜሪካ በ1978 የታተመ አንድ ጥናት ራሳቸውን ሊያጠፉ ሲሉ ተይዘው የተመለሱ 515 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ 94 በመቶ ያህሉ በሕይወት እንዳሉ ወይም በተፈጥሮ ሞት እንዳለፉ አግኝቷል። ውሳኔ የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ የአንድ ክፉ ሰዓት ማዕበል ነው።

«አታድኑኝ» የሚል የተፈረመ ወረቀት ቢገኝስ? በእንግሊዝ በሕግ የጸና የሕክምና እምቢታ ሐኪምን ያስራል። ፖሊስ ግን በር ላይ ቆሞ ወረቀቱ መቼ እንደተጻፈ፣ በምን ሁኔታ እንደተፈረመ፣ አሁን ስላለው ነገር ይሁን ስለ ሌላ ሊያጣራ አይችልም። ሰውየውንም ወረቀቱንም አብሮ ሆስፒታል ያደርሳል፤ ወረቀቱ የሚነበበው እዚያ ነው።